ጎንደር ላይ የቤት አኳሪየም ሲታመም፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

«ዓሣዬ ታሟል፣ ምን መድኃኒት ልግዛ?» የሚል ሰው ሲመጣ እኔ መልሼ የምጠይቀው ስለ ውሃ ነው። ከየት ቀዳችሁት? መቼ ቀየራችሁት? መብራት ስንት ሰዓት ጠፍቶ ነበር? ሰውን አሰለቻለሁ፣ አውቃለሁ። ግን ዓሣው ከመታመሙ በፊት ብዙ ጊዜ ቀድሞ የተበላሸው ውሃው ነው። ከታች ያለው በተለይ እዚህ ለምንኖር ነው፤ ውሃ በፈረቃ ለሚያገኝ፣ በበርሜል ለሚያጠራቅም፣ ሌሊት ለሚበርደው። አብዛኛው ስለ ተራው የቧንቧ ውሃ አኳሪየም ነው። ኮራል (የባሕር ውሃ የሚፈልግ፣ ድንጋይ የሚመስል እንስሳ) ለያዛችሁ ደፋሮችም ወደ መጨረሻው ላይ አለላችሁ።

ዓሦቼ ደህና አይመስሉኝም። መጀመሪያ ምን ላድርግ?

ምንም አትጨምሩ። ጨውም፣ መድኃኒትም፣ ምግብም። ወንበር ሳቡና ቁጭ ብላችሁ ዝም ብላችሁ እዩ። የታመሙት ሁሉም ናቸው ወይስ አንዱ ብቻ? ይቺ ጥያቄ ግማሹን ሥራ ትጨርሳለች። ሁሉም በአንድ ቀን ከተለወጡ ነገሩ በሽታ የመሆን ዕድሉ ትንሽ ነው፤ ወይ አየር አጥሯቸዋል፣ ወይ መርዝ ገብቷል፣ ወይ ብርድ መቷቸዋል። አንዱ ብቻ ክንፉን አጣብቆ ጥግ ከያዘ ግን ወይ ታሟል ወይ ሌሎቹ እየደበደቡት ነው።

ቀጥሎ ፊልተሩ ውሃ እየገፋ መሆኑን እዩ፣ ቴርሞሜትሩን አንብቡ፣ ክዳኑን ከፍታችሁ አሽትቱ። ጤነኛ አኳሪየም እርጥብ አፈር እርጥብ አፈር ይላል። የበሰበሰ ነገር ከሸተተ አንድ ቦታ የሞተ ነገር አለ። ዓሦቹን ቁጠሯቸው፤ ከድንጋይ ሥር ተወሽቆ የሞተ አንድ ዓሣ ትንሽ አኳሪየም ለመመረዝ ይበቃል። ከዚያ በተዘጋጀ ውሃ (አዘገጃጀቱ ወረድ ብሎ አለ) ሩቡን ቀይሩ፣ ለዛሬ ምግብ ከልክሉ፣ ነገ ጠዋት ደግሞ እዩ። በአንድ ቀን አምስት ነገር ካደረጋችሁ የትኛው እንዳዳነ የትኛው እንደገደለ አታውቁም።

ጠዋት ጠዋት ሁሉም ላይ ወጥተው አፋቸውን ይከፍታሉ። ርቧቸው ነው?

አይደለም፣ አየር እየለመኑ ነው። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ላይ ነው ያለችው። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት ስለሚቀንስ ውሃ ውስጥ የሚሟሟው ኦክስጅንም ይቀንሳል። 25 ዲግሪ የሞቀ ውሃ ባሕር ዳርቻ ላይ ቢሆን በሊትር ወደ 8.2 ሚሊ ግራም ኦክስጅን መያዝ ይችላል፤ እዚህ ግን ወደ 6.3 አካባቢ ነው ጣሪያው። ዩቲዩብ ላይ «ለዚህ መጠን ይሄን ያህል ዓሣ» የሚሉት ሰዎች አብዛኞቹ ቆላ ወይም ባሕር ዳርቻ ያሉ ናቸው፤ እናንተ ከቁጥራቸው ቀንሱ።

ጠዋት ላይ የሚብሰው ደግሞ ሌሊት ዕፅዋቱና አልጌውም ኦክስጅን ስለሚሻሙ ነው። መፍትሔው የውሃውን ገጽ ማንቀሳቀስ ነው። የፊልተሩን መውጫ ወደ ላይ አዙሩት፣ ኤር ፓምፑን ሌሊት አታጥፉ። «ድምፁ እንቅልፍ ይነሳል» ብሎ ሌሊት ሌሊት የሚያጠፋው ሰው ብዛት! ፓምፑን ከሥሩ በታጠፈ ጨርቅ ላይ አስቀምጡት፣ ድምፁ ይቀንሳል።

አየሩ በቂ ሆኖም የሚያለከልኩ ከሆነ ስንጥባቸውን (የሚተነፍሱበትን ብልት) ተመልከቱ። ስንጥቡ ቀይ ቁስል ከመሰለ ዓሣው ራሱ የሚያወጣው አሞኒያ የሚባል መርዝ ነው። ወደ ቡናማ ከዞረ አሞኒያው ሲለወጥ የሚፈጠረው ናይትራይት ነው፤ ናይትራይት ደማቸው ኦክስጅን እንዳይሸከም ያደርገዋል፣ አየር ሞልቶም ይታፈናሉ።

ውሃ በቀየርኩ ማግስት አለቁብኝ። ንጹሕ የቧንቧ ውሃ ነበር እኮ!

ለእናንተ ንጹሕ ነው። ቧንቧ ውሃ ላይ የሚጨመረው ክሎሪን ለሰው የሚጠቅመው ጀርም ስለሚገድል ነው፤ የዓሣንም ስንጥብ ያቃጥላል፣ ፊልተር ውስጥ ያሉትን ጠቃሚ ባክቴሪያዎችም ይገድላል።

እኛ ጋ ነገሩ የሚወሳሰበው ውሃው አንድ ዓይነት ባለመሆኑ ነው። ከአንገረብ ግድብ የመጣ ሊሆን ይችላል፣ ከጉድጓድ የመጣ ሊሆን ይችላል፣ ከጎረቤት ሮቶ የተቀዳም ሊሆን ይችላል። ክረምት ላይ ውሃው ሲደፈርስ በማጣሪያ ጣቢያ የሚጨመረው ነገር መጠኑ ሊለዋወጥ ይችላል። ስለዚህ «ባለፈው ወር በዚሁ ውሃ ቀይሬ ምንም አልሆነም» የሚለው ዋስትና አይደለም።

ከዚህ የሚብሰው ግን ቤት ውስጥ የሚጨመረው ነው። እናታችሁ ወይም ሠራተኛዋ በርሜሉ ላይ ውሃ አጋር ጠብ አድርጋ ይሆናል። ልክ ናት፤ ለመጠጥ ነው ያዘጋጀችው። ግን እሱም ክሎሪን ነው። በርሜሉ በበረኪና ታጥቦ በደንብ ሳይለቀለቅ ተሞልቶም ሊሆን ይችላል። ለዓሣ የሚሆነውን ውሃ ለብቻው በአንድ ጀሪካን ወይም ባልዲ ያዙ፣ ምልክት አድርጉበት፣ «የዓሣ ነው፣ ምንም እንዳይገባበት» ብላችሁ ለቤቱ ሁሉ ተናገሩ።

አዘገጃጀቱ ቀላል ነው። ውሃውን አፉ ሰፊ በሆነ ባልዲ ቀድታችሁ፣ ኤር ፓምፕ ካለ አስገብታችሁ፣ 24 ሰዓት፣ ከተቻለም 48 ሰዓት አቆዩት። ክሎሪኑ ይተናል። ክዳኑ በተዘጋ ጀሪካን ውስጥ ማስቀመጥ ግን ማቆየት አይባልም፣ የት ይሂድ? ክሎሪን ማጥፊያ ጠብታ ካላችሁ ደግሞ ደቂቃዎች ይበቁታል። ከመጨመራችሁ በፊት ሙቀቱን ከአኳሪየሙ ጋር አስተያዩ። ከሮቶ የወጣ የጠዋት ውሃ እጅ ያደነዝዛል፤ እሱን 25 ዲግሪ ላይ ያለ ዓሣ ላይ መድፋት በራሱ በሽታ መጥራት ነው።

የዝናብ ውሃስ? ክሎሪን የለበትም አይደል?

የለበትም። ግን ቆርቆሮ ላይ ነው የወረደው። ቆርቆሮው የተለበጠው በዚንክ ነው፣ በተለይ አዲስ ከሆነ ዚንኩ ወደ ውሃው ይገባል፣ ዚንክ ደግሞ ለዓሣ መርዝ ነው። የዝናብ ውሃ ማዕድን ስለሌለው ደግሞ መርዙ የበለጠ ይጎዳል፤ ጠንካራ (ማዕድን የበዛበት) ውሃ ቢሆን ትንሽ ይከላከላቸው ነበር። በዚያ ላይ ማዕድን የሌለው ውሃ ፒኤቹን (የአሲድነቱን ልክ) የሚይዝለት ነገር ስለሌለ ከሳምንታት በኋላ በድንገት ይወርዳል። የግድ ከሆነ የመጀመሪያዎቹን ዝናቦች አሳልፉ፣ ከቆርቆሮ ሳይሆን በቀጥታ ሰፌድ በሚያክል ሳፋ ተቀበሉ፣ ከቧንቧ ውሃ ጋር ቀላቅሉ።

አኳሪየሙ አዲስ ነው፣ ውሃው ጥርት ያለ ነው፣ ዓሦቹ ግን በሁለት ሳምንት ውስጥ አንድ በአንድ እየሞቱ ነው።

የሁሉም ጀማሪ ጥያቄ ይሄ ነው፣ ስለዚህ ትንሽ ረዘም ላድርገው።

ዓሣ ሲተነፍስም ሲጸዳዳም አሞኒያ ያወጣል። አሞኒያ መርዝ ነው፣ ቀለም የለውም፣ ውሃው ጥርት ብሎም ይገድላል። ፊልተሩ ስፖንጅ ላይ የሚራቡ ባክቴሪያዎች አሞኒያውን ወደ ናይትራይት ይለውጡታል፣ ሌሎች ደግሞ ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት። ናይትሬት በመጠኑ ከሆነ ብዙ አይጎዳም፣ ውሃ ስትቀይሩ ይወጣል። ችግሩ እነዚህ ባክቴሪያዎች ከሱቅ አብረው አይመጡም። ተራብተው እስኪበቁ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃል፣ ቤቱ ከቀዘቀዘ ከዚያም በላይ። እናንተ በመጀመሪያው ቀን ስምንት ዓሣ ከጨመራችሁ መርዙን የሚበላው ሠራተኛ ገና አልተቀጠረም ማለት ነው።

አቋራጭ አለ። አኳሪየም ያለው ጓደኛ ካላችሁ ከፊልተሩ ስፖንጅ ቁራጭ ለምኑት። እርሾ ከጎረቤት እንደ መበደር ነው፤ ቁራጩን አዲሱ ፊልተር ውስጥ ስትጨምሩት የሚቀጥለው ሥራ ፈጠን ይላል። መንገድ ላይ እንዳይደርቅ በራሱ በአኳሪየሙ ውሃ አድርጋችሁ አምጡት። የጓደኛችሁ ዓሣ ታሞ ከሆነ ግን በሽታውም አብሮ ነው የሚመጣው፣ ጠይቁ።

አቋራጩ ከሌለ በሁለት በሦስት ጠንካራ ዓሣ ጀምሩ፣ በጣም ትንሽ መግቡ፣ በየሁለት ሦስት ቀኑ ሩብ ውሃ ቀይሩ። እና እባካችሁ ስፖንጁን በቧንቧ ሥር አትጠቡት! ክሎሪኑ ሁሉንም ይጨርሳቸዋል፣ ከዜሮ ትጀምራላችሁ። ከአኳሪየሙ በቀዳችሁት ውሃ ባልዲ ውስጥ ጨመቅ ጨመቅ ማድረግ ይበቃዋል። ቡናማው ዝቃጭ ያስጠላል፤ ዓሣችሁ ግን የሚኖረው በእሱ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። አሞኒያ ምን ያህል እንደሚጎዳ የሚወስነው ፒኤች ነው። በ25 ዲግሪ ሙቀት ፒኤቹ 7 ሲሆን ከጠቅላላው አሞኒያ መርዛማው ክፍል ከመቶ አንድ እንኳ አይሞላም። 8 ሲሆን ወደ ከመቶ 5 ይጠጋል። ስለዚህ ያው የአሞኒያ ቁጥር አንዱ ቤት ምንም ሳያደርግ ሌላው ቤት ይገድላል።

መለኪያ ኪት የለኝም። እንዴት ልወቅ?

ከአዲስ አበባ የሚመጣ ሰው ሲኖር አስመጡ፣ ከዓሣ በፊት የሚገዛ ዕቃ እሱ ነበር። በጠብታ የሚሠራው ከወረቀቱ የተሻለ ያሳያል። አሞኒያ ዜሮ፣ ናይትራይት ዜሮ፣ ናይትሬት በሊትር ከ40 ሚሊ ግራም በታች፤ የምትፈልጉት ይሄው ነው። እስኪመጣ ድረስ ጥርጣሬ ባለ ቁጥር ሩብ ውሃ ቀይሩ። በትክክል የተዘጋጀ ውሃ ሩቡን መቀየር ጤነኛ አኳሪየም ላይ ጉዳት የለውም፣ የታመመውን ግን ሊያተርፍ ይችላል።

መብራት ሲጠፋ ምን ይደረግ?

የመጀመሪያው ጠላት የኦክስጅን እጥረት ነው፣ ብርድ ሁለተኛ ነው። በጆግ ከአኳሪየሙ ውሃ ቅዱና ከፍ አድርጋችሁ መልሳችሁ አፍስሱ። በየግማሽ ሰዓቱ ጥቂት ጊዜ መደጋገም ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ብዙ ዓሣ ለያዘ አኳሪየም ግን ሌሊቱን የሚያሳልፈው እሱ ነው። በባትሪ ድንጋይ የሚሠራ ኤር ፓምፕ ካገኛችሁ ሳታቅማሙ ግዙ። ስልክ በምትሞሉበት ፓወር ባንክ የሚሠራ የዩኤስቢ ፓምፕም አለ።

መብራት እስኪመለስ አትመግቡ። የበላ ዓሣ ብዙ ኦክስጅን ይፈልጋል፣ ብዙም ያቆሽሻል።

ሙቀቱን ለመጠበቅ አኳሪየሙን በብርድ ልብስ ወይም በጋቢ ጠቅልሉት፣ ላይኛው ግን አየር እንዲያገኝ ክፍት ይሁን። የፈላ ውሃ አትጨምሩበት። የግድ ካስፈለገ በሃይላንድ ሙቅ ውሃ ሞልታችሁ፣ ክዳኑን አጥብቃችሁ አንሳፍፉት።

ብዙዎች የማያስቡት ደግሞ መብራት ሲመጣ የሚፈጠረውን ነው። ከውጭ የሚቀመጥ ዝግ ፊልተር ካላችሁ፣ ለረጅም ሰዓት ቆሞ ከነበረ ውስጡ ያለው ባክቴሪያ አየር አጥቶ ሞቶ፣ ውሃውም ተበላሽቶ ይጠብቃል። መብራት እንደመጣ ያንን ሁሉ ወደ ዓሦቹ ይተፋዋል። ከመሰካታችሁ በፊት ክፈቱት፣ የቆመውን ውሃ ድፉ፣ ስፖንጁን በአኳሪየሙ ውሃ አለቅልቁ። መብራት ሄድ መጣ በሚልበት ሰፈር ለምትኖሩ ተራው የስፖንጅ ፊልተር በኤር ፓምፕ ይሻላችኋል፤ ርካሽ ነው፣ ይሄ ችግርም የለበትም።

እውነት ጎንደር ላይ ሂተር ያስፈልጋል? አገሩ ሞቃት ነው እኮ።

ቀን ቀን ነው ሞቃቱ። ከኅዳር እስከ ጥር ሌሊቱን ያየ ይመስክር። ጎልድፊሽ 18 እና 20 ዲግሪ ላይ በደስታ ይኖራል፣ እሱ ሂተር የግድ አይለውም። ጉፒ፣ ሞሊ፣ ቤታ ግን ከ24 እስከ 27 ነው የሚፈልጉት። ከመቀዝቀዙ ይበልጥ የሚጎዳው መዋዠቁ ነው፤ ቀን በመስኮት ፀሐይ 27 ደርሶ ሌሊት 18 የሚወርድ ትንሽ አኳሪየም ዓሣውን በየቀኑ ያደክመዋል፣ የደከመ ዓሣ ደግሞ ያገኘው በሽታ ሁሉ ይይዘዋል። ቴርሞስታት ያለው (ሙቀቱን በራሱ የሚቆጣጠር) ሂተር ምረጡ፣ አኳሪየሙን ከግድግዳው ጥግ አርቃችሁ መሐል ክፍል አስቀምጡ። ውሃ ስትቀይሩ ደግሞ ሂተሩን ንቀሉ፤ ከውሃ ወጥቶ እየነደደ ከቆየ መስታወቱ ይሰነጠቃል።

ሰውነቱ ላይ ጨው የተበተነ የሚመስል ነጭ ነጠብጣብ ወጣ።

ይሄኛው በሽታ ነው፣ «ኢክ» ይሉታል። ጥገኛ ተሕዋስ ነው። ዓሣው ቆዳ ሥር ይበላል፣ ይወፍራል፣ ይወድቃል፣ ታች አሸዋው ላይ ይራባል፣ ልጆቹ እየዋኙ ሌላ ዓሣ ይፈልጋሉ። መድኃኒት የሚደርስበት እየዋኘ ባለበት ሰዓት ብቻ ነው። ለዚህ ነው «ነጠብጣቡ ጠፋ» ብሎ በሦስተኛው ቀን ያቆመ ሰው በሳምንቱ እጥፉን የሚያየው። ምልክቱ ከጠፋ በኋላም ሕክምናውን ቢያንስ አንድ ሳምንት ቀጥሉ። ውሃው ቀዝቃዛ ከሆነ ደግሞ የተሕዋሱ ዑደት ስለሚዘገይ ረዘም ያለ ጊዜ ያስፈልጋል።

ኢንተርኔቱ «ሙቀቱን 30 አድርሱት» ይላል። ያፈጥነዋል፣ እውነት ነው። ግን በእኛ ከፍታ 30 ዲግሪ የሆነ ውሃ የሚይዘው ኦክስጅን በሊትር ከ6 ሚሊ ግራም በታች ነው፣ ዓሣው ደግሞ ስንጥቡም ታሟል። ስለዚህ በቀን ከአንድ ሁለት ዲግሪ በላይ አትጨምሩ፣ 28 ላይ ቁሙ፣ የአየር ፓምፑን አጠናክሩ። ጎልድፊሽ ከሆነ ሙቀቱን ተዉትና በጨው ሂዱ።

የቱን ጨው? የወጥ ጨው ይሆናል?

ይሆናል። አዮዲን አለበት ብላችሁ አትፍሩ፣ በዚህ መጠን ዓሣ አይጎዳም። ማጣፈጫ የተቀላቀለበትን ግን አትንኩ። በሊትር ከ1 እስከ 3 ግራም ነው። በትክክል መዝኑ፣ በባልዲ አሟሙ፣ በአንድ ጊዜ ሳይሆን በሁለት ቀን ከፋፍላችሁ ጨምሩ። ጥሬ ጨው በቀጥታ ዓሣው ላይ መበተን ያቃጥለዋል። ዕፅዋት ካላችሁ አይወዱትም፣ ኮሪዶራስ የሚባለው ዓሣም እንደዚሁ። ጨው ናይትራይት ሲወጣም ይረዳል፤ ክሎራይዱ ናይትራይቱ በስንጥብ እንዳይገባ ይሻማዋል።

ጨው አይተንም። ውሃው ሲጎድል ያለ ጨው ሙሉ፣ የሚቀንሰው ውሃ ስትቀይሩ ብቻ ነው።

ክንፉ እየበሰበሰ ነው። ከፋርማሲ ቴትራሳይክሊን ገዝቼ ብጨምርስ?

አይሆንም። የክንፍ መበስበስ አብዛኛው ውሃ በማሻሻል ብቻ ይመለሳል። ዝም ብሎ የተጨመረ አንቲባዮቲክ የፊልተሩን ባክቴሪያ ሊገድልና አሞኒያውን ሊያስነሳ ይችላል፣ የተረፈው ባክቴሪያም መድኃኒቱን ይለምዳል። ሰው የሚድንበትን መድኃኒት ባልዲ ውስጥ መበተንም ጥሩ አይደለም። ቅርፊቱ እንደ ጥድ ፍሬ የቆመና ሆዱ ያበጠ ዓሣ ከሆነ ደግሞ እውነቱን ልንገራችሁ፣ የሚተርፈው ጥቂቱ ነው። ለይታችሁ አስቀምጡት፣ ሌሎቹን ጠብቁ።

ጎልድፊሼ ተገልብጦ ይንሳፈፋል፣ ግን ሕያው ነው።

ብዙ ጊዜ ሆድ ድርቀት ነው። ጎልድፊሽ ጨጓራ የለውም፣ ያገኘውን ሁሉ ግን ይውጣል። ሁለት ሦስት ቀን አትመግቡት። ከዚያ አተር ቀቅሉ፣ ልጣጩን አውጡ፣ በጣት ጫፍ ጨፍልቃችሁ ትንሽ ስጡት። ደረቅ ምግቡን ወደፊት ትንሽ አርጥባችሁ ስጡ። ክብ ብርጭቆ ውስጥ ከሆነ የሚኖረው ግን አተሩ አይፈታውም። ጎልድፊሽ ሲያድግ ከ20 ሴንቲ ሜትር በላይ የሚደርስ ዓሣ ነው። ያ ብርጭቆ ለጌጥ ነው የተሠራው።

ውሃው አረንጓዴ ሆነ። ሌላ ጊዜ ደግሞ ወተት መሰለ።

አረንጓዴው አልጌ ነው፤ መስኮት ሥር ነው ያስቀመጣችሁት ወይም መብራቱን ቀንና ሌሊት ታበሩታላችሁ። ሦስት አራት ቀን በወፍራም ጨርቅ ሸፍኑት፣ ኤር ፓምፑ ይሥራ፣ ከዚያ ውሃ ቀይሩ። ወተት የመሰለው የባክቴሪያ መራባት ነው፣ አዲስ አኳሪየም ላይ ራሱ ይጠራል። አትንኩት፣ ምግብ ብቻ ቀንሱ።

ቡና ሲፈላ ጭሱ ይጎዳቸዋል?

ኤር ፓምፑ የሚገፋው የክፍሉን አየር ነው። እጣኑም፣ የከሰሉም፣ የሚቆላው ቡና ጭስም በቱቦው ገብቶ ውሃ ውስጥ አረፋ ይሆናል። ረከቦቱን ከአኳሪየሙ አርቁ፣ መስኮት ክፈቱ፣ ያ ለሰዉም ጥሩ ነው። ቡና ላይ ዓሣ የገደለ ጭስ ግን ብዙም አልገጠመኝም፤ ዋናው ገዳይ ፍሊት ነው። የዝንብና የትንኝ ፍሊት ውስጥ ያለው መድኃኒት ለዓሣ እጅግ መርዛማ ነው፣ ትንሽ ብናኝ ይበቃል። «ትናንት ማታ ደህና ነበሩ፣ ጠዋት ሁሉም ሞተዋል» የሚለኝ ሰው ካለ ስለ ፍሊት ሳልጠይቅ አላልፍም። ቤቱ የግድ የሚነፋ ከሆነ ፓምፑን አጥፉ፣ አኳሪየሙን በላስቲክ ሸፍኑ፣ ክፍሉ በደንብ ከተናፈሰ በኋላ ብቻ ክፈቱ።

እጃችሁን በኦሞ ታጥባችሁ ሳትለቀልቁ አታስገቡ። ሎሽንም እንደዚያው።

ለጥምቀት ዘመድ ቤት ሞልቶ ነበር፣ ከዚያ በኋላ ውሃው ሸተተ።

ሁሉም እንግዳ አንድ አንድ ቁራሽ ጥሎላቸዋል፣ ሌላ ምን ሊሆን ይችላል! ሕፃናቱ ዳቦ፣ አያት እንጀራ፣ አጎት ቆሎ። ዓሣ «በቃኝ» አይልም፣ እንግዳን ደግሞ «አትስጥ» ማለት ይከብዳል። ዳቦና እንጀራ ውሃ ውስጥ ያብጣል፣ ታች ይቀመጣል፣ ይበሰብሳል። ታች ያለውን በቱቦ ሳቡና አውጡ፣ ሩብ ውሃ ዛሬ፣ ሩብ ከነገ ወዲያ ቀይሩ፣ ሁለት ቀን ጾም ይያዙ። ለሚቀጥለው በዓል ደግሞ የምግቡን ቆርቆሮ ደብቁ፣ ለልጆቹ የቀኑን ድርሻ በትንሽ ወረቀት ጠቅልላችሁ ስጧቸው፤ ደስ ይላቸዋል፣ ከዚያ በላይም አይጨምሩም።

ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ ዓሣ አስመጣሁ። በደረሱ ማግስት ሞቱ።

መንገዱ ቀላል አይደለም። ዓባይ በረሃ ላይ ይጋላሉ፣ ደጋ ሲወጡ ይቀዘቅዛሉ። ላስቲኩ በስታይሮፎም ሳጥን ውስጥ ይጓዝ፣ ከመጓዛቸው በፊትም ቀን ሙሉ ባይመገቡ ይመረጣል።

ሲደርሱ የሚደረገው ነገር ግን ሰው የሚሳሳትበት ነው። ላስቲኩ ውስጥ ሙሉ ቀን ሲተነፍሱ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ተጠራቅሞ ፒኤቹን አውርዶታል፤ አሞኒያም አለ፣ ግን ፒኤቹ ዝቅ በማለቱ ብዙ አይጎዳም። ላስቲኩን እንደከፈታችሁ ጋዙ ይወጣል፣ ፒኤቹ ይነሳል፣ አሞኒያው መርዝ ይሆናል። ስለዚህ ከፍቶ ለሰዓታት ጠብ ጠብ እያደረጉ ማለማመድ ረጅም መንገድ ለመጣ ዓሣ አይሆንም። ላስቲኩን ሳትከፍቱ 20 ደቂቃ አንሳፍፉ፣ ሙቀቱ ይስተካከል። ከዚያ ክፈቱ፣ ዓሦቹን በመረብ አውጥታችሁ አስገቡ፣ የመንገዱን ውሃ ድፉት። የዚያን ምሽት መብራት አጥፉላቸው፣ ይረፉ።

ጣና ዳር ጎርጎራ ወርጄ ቀረሶ ዓሣ ባመጣስ? እንቦጭም ውሃ ያጣራል ሲሉ ሰምቻለሁ።

ቀረሶ ሲያድግ አኳሪየሙን ያክላል፣ የቀሩትንም ያባርራል። አምባዛ ደግሞ የቀሩትን ይበላቸዋል። የሐይቅ ዓሣ የሐይቁን ጥገኛ ተሕዋስም ይዞ ይመጣል። እንቦጭ ናይትሬት እንደሚስብ እውነት ነው፣ ግን ጣናን ምን እንዳደረገው እያየን ከሐይቁ ወደ ከተማ ተሸክሞ ማምጣት ምን የሚሉት ነው? አንዲት ቁራጭ ቦይ ውስጥ ከወደቀች ትራባለች። ሌላ የውሃ ተክል ፈልጉ።

የባሕር ውሃ አኳሪየም አለኝ፣ ኮራሎቼ እየነጡ ነው።

መጀመሪያ ንጣቱን ለዩ። ሥጋው አለ፣ ግን ቀለም አጥቶ እንደ ብርጭቆ ሆኗል? እንግዲያው ውስጡ የሚኖሩትን ጥቃቅን አልጌዎች አስወጥቷቸዋል፣ ገና ሕያው ነው፣ ሊመለስ ይችላል። ሥጋው ተልጦ ባዶ አጥንቱ ከቀረ ግን ያ ክፍል ሞቷል። ወደ ቡናማ ከሄደ ደግሞ ሌላ ታሪክ ነው፤ ብርሃን አንሶታል ወይም ውሃው ውስጥ ናይትሬትና ፎስፌት በዝቷል።

ቀጥሎ ጨዋማነቱን ለኩ። በሊትር 35 ግራም አካባቢ፣ ከንጹሕ ውሃ ጋር ሲነጻጸር ክብደቱ 1.025 መሆን አለበት። በበጋ የጎንደር አየር ደረቅ ነው፣ ውሃው በየቀኑ ይጎድላል፣ ጨዉ ግን ይቀራል። የጎደለውን በጨው ውሃ የሚሞላ ሰው ኮራሉን ቀስ በቀስ እየገደለው ነው። በተጣራ ጨው አልባ ውሃ ብቻ ሙሉ፣ በየቀኑ፣ በትንሽ በትንሹ። ቀጥሎ ሙቀት፤ ከ24 እስከ 27፣ ሌሊትም ጭምር። ከዚያ አልካሊኒቲ (ውሃው ፒኤቹን የሚይዝበት አቅም) ከ7 እስከ 11 ዲኬኤች በሚባለው መለኪያ፣ ግን ከቁጥሩ ይልቅ አለመዋዠቁ ይበልጣል። ካልሲየም ከ400 እስከ 450፣ ማግኒዥየም 1,300 አካባቢ ሚሊ ግራም በሊትር። እነዚህ ልክ ሳይሆኑ አምፖል መቀየር ገንዘብ ማባከን ነው።

የወጥ ጨው ወይም ከአፋር የመጣ አሞሌ ባሕር አይሆንም። አሞሌው በዚህ አገር ገንዘብ ሆኖ ያገለገለ ክቡር ነገር ነው፣ ግን ከሞላ ጎደል ሶዲየም ክሎራይድ ብቻ ነው፤ ኮራል አጥንት የሚሠራበት ካልሲየምና ማግኒዥየም በመጠኑ የለውም። ለሪፍ (ለኮራል አኳሪየም) የተዘጋጀ ጨው የግድ ነው።

ኦክስጅኑም እዚህ ይብሳል። ጨው ውሃ ከተራ ውሃ ያነሰ ነው የሚይዘው፤ በ25 ዲግሪ ባሕር ወለል ላይ 6.7 ገደማ፣ ጎንደር ላይ ወደ 5.2። መብራት ሲጠፋ የጊዜ ገደባችሁ ከሌላው ሰው ያጠረ ነው። ባትሪ የሌለው ሪፍ እዚህ ከተማ ባይጀመር እላለሁ። ድንጋያማ ኮራሎች በሙሉ የዱር እንስሳትና ዕፅዋት ንግድን በሚቆጣጠረው የሳይቴስ ዓለም አቀፍ ስምምነት ዝርዝር ውስጥ ያሉ መሆናቸውንም አትርሱ፣ ያለ ፈቃድ ድንበር አያልፉም፤ ሻጩ ወረቀቱን ያሳያችሁ።

በቃኝ፣ ልተወው ነው። ዓሦቹን ቀሃ ወንዝ ብለቃቸው ጽድቅ አይሆንም?

አይሆንም። ወይ በብርድ ይሞታሉ፣ ወይ ተርፈው የወንዙን ሕይወት ያበላሻሉ፣ የያዙትንም በሽታ ይዘው ይወርዳሉ። የገዛችሁበት ሱቅ ሊቀበላችሁ ይችላል፣ ካልሆነ ማራኪ ሰፈርም አዘዞም የሚፈልግ ሰው አይጠፋም። ስትሰጡ ፊልተሩን ሳታጥቡ፣ ስፖንጁን እንደ ረጠበ፣ ከግማሽ በላይ የሚሆነውን ውሃ በጀሪካን አድርጋችሁ አብራችሁ ስጡ። የሚወስደው ሰው ቤቱ ሲደርስ በዚያው ቀን ይሰካው።